ሁለት ቀን ያሳየ ኮምፒውተር

ባለፈው ሳምንት ደሴ በምሠራበት መሥሪያ ቤት የዕቃ ክፍሉን ሲያጸዱ አንድ ጀርባው ያበጠ አሮጌ ኮምፒውተር አገኙና እኔ ጠረጴዛ ላይ አምጥተው አስቀመጡት። ይሠራ እንደሆን እንየው ብለው ሰኩት፤ ማራገቢያው እንደታመመ ሰው እያቃሰተ ተነሣ፤ ውስጡ የከረመው አቧራ ሲሞቅ የሚወጣው ያ ሽታ፣ የተቃጠለ ክርና የዛገ ቆርቆሮ የተቀላቀለበት የሚመስለው፣ ክፍሉን ሞላው። ባልደረቦቼ አፍንጫቸውን ይዘው መስኮት ከፈቱ። እኔ ከወንበሬ መነሣት አቃተኝ። ያ ሽታ የአባቴ ሱቅ ሽታ ነው፤ ከእሱ ጋር አብሮ የሚመጣ፣ ለብዙ ዓመት ለሰው ሳልናገር የያዝኩት አንድ ጉዳይም አለ።

የአባቴ ሱቅ ሐይቅ ከተማ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። በሩ ላይ «ይማም የጽሕፈት አገልግሎት» ይላል፤ የከተማው ሰው ግን «ይማም ታይፒስቱ» ነበር የሚለው። በአንድ ወገን ባጃጆች ይሰለፋሉ፤ በሌላው ወገን ጠዋት ከሐይቁ የወጣ ዓሣ በገመድ ተንጠልጥሎ ይሸጣል፤ እናቴም አባቴ የሚጽፈው ማመልከቻ ሁሉ ዓሣ ዓሣ ስለሚሸት ዳኛው ገና ፖስታውን ሳይከፍት ጸሐፊውን ያውቀዋል እያለች ትስቅበት ነበር። በገበያ ቀን ከአምባሰል የሚወርዱ ገበሬዎች የድንበር ክርክራቸውን፣ ኒካሃቸውን፣ የውርስ ክፍፍላቸውን፣ የሽምግልና ውላቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ አባቴም በዚያ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ከወጣትነቱ ጀምሮ በለመደው አንድ የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም፣ በሁለት ጣቱ ብቻ፣ ግን ከማንም ባለ ዐሥር ጣት ፈጥኖ ይጽፍላቸዋል።

ተጠራጣሪ ሰው ነበር። ደንበኛ ሲገባ ስክሪኑን በሽርጥ ይሸፍናል። የተበላሸ ወረቀት አይጥልም፤ ጓሮ ወስዶ ያቃጥለዋል። እኔን ልጁን እንኳ ስገባ «ከየት ነው የምትመጪው?» ይለኛል፤ ትምህርት ቤቴ ከሱቁ ማዶ መሆኑን እያወቀ። እናቴ ስትቆጣው «የሰው ምስጢር ነው የምጠብቀው» ይልና ሽርጡን ያስተካክላል።

ለውጥ መጣ በተባለ ሰሞን ሰው በየሻይ ቤቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማውራት ጀመረ፤ ስብሰባው በዛ፤ ቅጹም ደብዳቤውም በአዲስ መልክ ይምጣ ተባለ። አባቴም ከዘመኑ ጋር ልሂድ ብሎ ከደሴ አዲስ ኮምፒውተር አስመጣ። የድሮውን ፕሮግራም ግን አዲሱ አልቀበል አለ፤ በድሮው የተጻፉትን ወረቀቶች ሲከፍታቸውም ፊደሎቹ ተበታትነው፣ የፈረንጅ ሆሄና ባዶ ሳጥን ሆነው ይወጣሉ። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ለአዲሱ ጉዳይ አዲሱን፣ ለቆየው ጉዳይ አሮጌውን እያስነሣ ኖረ። አንድ ጠዋት አሮጌው ጠቅ ብሎ ዝም አለ። በዚያን ጊዜ በሰሜን ጦርነቱ ተጀምሮ ነበር፤ በሻይ ቤቱ የነበረው ድምፅም ዝቅ ብሎ፣ ሰው ከማውራቱ በፊት በስተኋላው ማን እንደተቀመጠ ዞር ብሎ ማየት ለምዶ ነበር።

ሁለት ሽማግሌዎች ከአምባሰል የመጡት በዚሁ ሰሞን ነው፤ ሸኽ ኑሩና መሪጌታ ካሣ። ከብዙ ዓመት በፊት የላይ ቤትና የታች ቤት በሚባሉ ሁለት ቤተሰቦች መካከል ሰው ሞቶ፣ እነዚህ ሁለቱና ሌሎች አበጋር የሚባሉ የአገር አስታራቂዎች በምንጭ ዳር አስታርቀዋቸው፣ ውሉን የጻፈው አባቴ ነበር። አሁን የሟች ልጅ አድጎ፣ «እርቅ የሚባል ነገር የለም፣ ካለ ወረቀቱን አሳዩኝ» ብሎ ተነሥቷል። ወረቀቱ የተቀመጠበት ቤት ጣሪያው አፍስሶ እሱም በስብሷል። ሁለቱ ቤተሰቦች በዘጠነኛው ቀን ሊቀመጡ ተቀጥሯል።

«ይማም፣ ያን ወረቀት ካላገኘኸው ሰው ይሞታል» አሉት ሸኽ ኑሩ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

አባቴ የሞተውን ኮምፒውተር በእጁ መታ መታ አደረገውና አንገቱን ደፋ። ከዚያ፣ በሕይወቱ ያላደረገውን አድርጎ፣ የማያውቀውን ሰው ለእርዳታ ጠራ።

መምህርት ራሔል በትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር ታስተምር ነበር። ከመጣች ዓመት አልሞላትም፤ አነጋገሯ የወሎ አይደለም፤ ከየት ነሽ ሲሏት ያስተማረችባቸውን ከተሞች ትቆጥራለች እንጂ የተወለደችበትን አትጠራም። ሰው ይህን ልብ ብሎታል። እሷ ግን ሰው ልብ ማለቱን ልብ ያላለች ትመስል ነበር፤ ስልኳን ለተማሪ ትሰጣለች፣ ቤቷን ሳትቆልፍ ወደ ሐይቁ ወርዳ ስትመለስ እናያታለን።

አሮጌውን ኮምፒውተር ፈትታ አየችውና «ዲስኩ ደህና ነው፤ ጽሑፎቹ አሉ። የጠፋው የሚያነባቸው ነው» አለች። «አዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር እንሠራለን፤ ቨርቹዋል ማሽን ይባላል። የድሮውን ሲስተም እዚያ ውስጥ ጭነን፣ በላዩ የእርስዎን ፕሮግራም እናስቀምጣለን። ፕሮግራሙን ድሮ ማሽኑ ላይ ያለ እንዲመስለው እናታልለዋለን ማለት ነው።»

«ማታለል?» አለ አባቴ።

እሷ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ያን ቀንና በሚቀጥሉት ቀናት ከሰዓት በኋላ እየመጣች ስትሠራ ወንበሩን ከጀርባዋ አድርጎ የእጇን እንቅስቃሴ ሁሉ ሲከታተል፣ እኔም ከበሩ ሥር ደብተሬን ይዤ ሁለቱንም ስከታተል ዋልኩ። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ በዚያ ወራት ትምህርት ቤት ተሰልፈን «ጸጉረ ልውጥ ካያችሁ ተናገሩ» ይሉን ስለነበር ዓይኔ ጸጉረ ልውጥ ብቻ ይፈልጋል። አንድ ቀን አባቴ ለዝሁር ሰላት ሲወጣ ጠጋ ብዬ ስክሪኑን አየሁት። በአዲሱ ኮምፒውተር መስኮት ውስጥ ሌላ ሙሉ ኮምፒውተር ተከፍቷል፤ የራሱ ሰማያዊ መደብ፣ የራሱ ቁልፎች፣ ከታች የራሱ ሰዓትና ቀን። የውጭው ቀን የዛሬ ነው። የውስጠኛው ግን እኔ ገና ያልተወለድኩበት ዓመት ነበር።

«ይኼኛው ለምንድነው ቀኑ የተሳሳተው?» አልኳት።

«አልተሳሳተም፣ እኔ ነኝ የመለስኩት» አለችኝ ከሥራዋ ቀና ሳትል። «ከውጭም ጋር አይገናኝም፤ ከዚህ ሱቅ ሌላ የሚያየው የለም።» ከዚያ የይለፍ ቃሉን በቁራጭ ወረቀት ጻፈችና ለአባቴ እንድሰጠው በእጄ አስያዘችኝ፤ እሷ ባትኖርም ራሱ እንዲከፍተው።

እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት «ሌላ የሚያየው የለም» የሚለውን ብቻ ነበር።

የአክስቴ ልጅ ጀማል በከተማው መውጫ ኬላ ላይ ከሚቆሙት ወጣቶች አንዱ ነበር። ዱላ ከያዘ ጀምሮ እኔን ማየት ትቷል፤ ሰላም ስለው በአገጩ ነው የሚመልስልኝ። በማግስቱ ለእሱና ለጓደኞቹ ምሳ ይዤ ስሄድ እንደገና ቢያየኝ፣ አንድ ጊዜ ቢያዳምጠኝ ተመኘሁ። እናም ነገርኩት። መምህርቷ በኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር እንደደበቀች፣ ቀኑ ሐሰት እንደሆነ፣ ከእሷ በቀር ማንም እንደማያየው። ያ ቁራጭ ወረቀት በአባቴ ኪስ ውስጥ እንዳለ እያወቅኩ ያን አልጨመርኩም። ጀማል ምሳውን አስቀምጦ ዓይን ዓይኔን አየኝ። በጣም ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ተመለስኩ።

በሰባተኛው ቀን፣ ከአሱር ሰላት በፊት፣ ከኬላው አምስት ሰዎች መጥተው መምህርት ራሔልን ከአባቴ ወንበር አስነሡ። ኮምፒውተሩንም ተሸከሙት። አባቴ «ቆይ እንጂ፣ ምን ሆናችሁ?» እያለ ሽርጡን በትከሻው ጣል አድርጎ ተከተላቸው፤ እኔም ተከተልኩ። የተወሰደችው ለስብሰባ ወደሚያገለግል አዳራሽ ነበር። ወሬው ቀድሞን ደርሶ ሰው በበሩና በመስኮቱ ተሰብስቧል። «ሰላይ ተያዘች» ይላል አንዱ፤ «ካርታ ነው የተገኘባት» ይላል ሌላው፤ ትናንት ልጆቹን ስላስተማረችለት ያመሰገናት ሰው ዛሬ «እኔማ ከጅምሩ ገብቶኛል» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ።

የጥበቃው አስተባባሪ ጋሽ እንድሪስ፣ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ድምፀ ወፍራም ሰው፣ «ክፈቺው» አላት። ከፈተችው። ሁለቱ ቀኖች ታዩ፤ አዳራሹ አጉረመረመ። ፕሮግራሙ እንደ አዲስ ሲጫን የፈቃድ ጊዜው ካለፈ ስለማይነሣ ቀኑን ወደ ኋላ እንደመለሰችው አስረዳች፤ ቃላቱ ለሰሚው እንግዳ ስለነበሩ ማብራሪያዋ ሁሉ ውሸት ይመስል ነበር።

«በውስጡ ምን አለ?» አለ ጋሽ እንድሪስ።

ያን ጊዜ አባቴ ወደ ፊት ወጣ። «በውስጡ ያለው የእኔ ነው። የእኔም አይደለም፣ የሰው ምስጢር ነው።» ለወረቀቱ መጥተው ከሰው መሐል የቆሙትን ሁለቱን ሽማግሌዎች ዞሮ አያቸው። «ሸኽ፣ መሪጌታ፣ ካልፈቀዳችሁልኝ አልከፍተውም። ካልከፈትኩት ደግሞ ይቺን ልጅ አይለቋትም።»

መሪጌታ ካሣ በመቋሚያቸው መሬቱን ነካ አድርገው «አንብብ» አሉ። ሸኽ ኑሩም «አንብብ ይማም፣ እኛ ፈቅደናል» አሉ።

ፊደሎቹ ሙሉ ሆነው ወጡ። አባቴ ያን ሁሉ ዘመን በጨርቅ ሲሸፍነው የኖረውን ስክሪን ወደ ሕዝቡ አዞረና ጮክ ብሎ አነበበ፦ የላይ ቤትና የታች ቤት ልጆች በአበጋሮቻቸው ፊት ቂማቸውን መተዋቸውን፣ ከእንግዲህ አንዱ በሌላው በር ሲያልፍ ሰላም ሳይል እንደማያልፍ፣ የሟችን ልጅ የገዳይ ወገን እንደራሱ ልጅ አድርጎ እንደሚያስተምር። ከዚያ የምስክሮቹን ስም ቀጠለ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ጋሽ እንድሪስ «ማን አልክ?» አለው።

«አሊ ይመር። አባትህ ነዋ፣ አላህ ይማረው። አንተ ያን ጊዜ ልጅ ነበርክ፣ በቅሎውን ይዘህለት ከሱቄ ደጃፍ ቆመሃል።»

ጋሽ እንድሪስ ስክሪኑን ረጅም ጊዜ አየው፤ ማንበብ ያቃተው ይመስል በጣቱ ስሙን ነካው። «ልቀቋት» አለ በመጨረሻ። ይቅርታ ያላት ሰው አልነበረም። እሷ ግን ከኮምፒውተሩ ጋር ወደ ሱቁ ተመልሳ፣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች፣ ውሉን በሦስት ቅጂ አትማ ለሽማግሌዎቹ ሰጠች። በዘጠነኛው ቀን ሁለቱ ቤተሰቦች ተቀመጡ፤ ውሉ ተነበበ፤ የሟቹ ልጅም እንዲማር የተደረገው በማን እንደሆነ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማ። ደም አልፈሰሰም።

መምህርት ራሔል ከአዳራሹ በማግስቱ ትምህርት ቤት አልመጣችም። በጠዋቱ የደሴ ሚኒባስ ሄዳለች አሉን። ነጩ የማስተማሪያ ካፖርቷ በመምህራን ማረፊያ እንደተሰቀለ ቀረ።

ያን ቀን ምሳ ላይ አባቴ «ማነው የነገራቸው?» ብሎ እናቴን አየ፣ ወንድሞቼን አየ፣ በስተመጨረሻ እኔ ላይ ደረሰ። «አላውቅም አባዬ» አልኩ። ያ ወንድም እህቱን ሳይቀር የሚጠራጠር ሰው ራሴን ዳበሰኝና «አይ፣ አንቺማ አታውቂም» አለኝ።

ከዚያ ጦርነቱ ራሱ ሐይቅ ደረሰ። በእግራችን ወደ ደሴ፣ ከደሴም አልፈን ሸሸን። ስንመለስ የሱቁ በር ተገንጥሏል፤ አዲሱም አሮጌውም ዲስኩም የለም፤ ወለሉ ላይ የቀረው የጫማ ዱካ ያረፈበት ወረቀት ብቻ ነበር። የአምባሰል ገበሬዎች ግን መንገድ ሲከፈት እንደ ድሮው ይመጡ ነበር፤ አንዱ የእናቱን ኑዛዜ፣ አንዱ የእህቱን ኒካህ ፍለጋ። አባቴ በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጦ «የለም ወንድሜ፣ ሁሉም ሄዷል» ይላቸዋል፤ እነሱም ትንሽ ያስተዛዝኑትና ይሄዳሉ። መልሶ መጻፍ አልጀመረም። ሳልነግረው ሞተ።

ከአሮጌው ኮምፒውተር ሽታ በኋላ ሦስት ቀን አሰብኩና፣ ከእሷ ጋር ያስተማረች አንዲት መምህርት አፈላልጌ የመምህርት ራሔልን ስልክ አገኘሁ። ማን እንደሆንኩ ስነግራት መጀመሪያ ያለችኝ «ቁጥሬን ከማን አገኘሽ?» ነው። ነገርኳት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ኬላውን፣ ምሳውን፣ ጀማልን፣ ያልጨመርኩትን ቁራጭ ወረቀት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«ልጅ ነበርሽ» አለች። «ሰዎቹስ? በወረቀቱ ታረቁ?»

«ታርቀዋል። ልጁ አሁን አግብቶ ወልዷል።»

«ተመስገን» አለች፤ ድምፅዋ ለአንዲት ቅጽበት የድሮው ሆነ። አባቴን ጠየቀችኝ፤ መሞቱን ስነግራት «ነፍሳቸውን ይማር» አለች። የከበደኝን ያወረድኩ መስሎኝ እፎይ ልል ስል ድምፅዋን በጣም ዝቅ አድርጋ ጠራችኝ።

«ሰዓዳ፣ አሁን አጠገብሽ የሚያዳምጥ ሰው አለ?»

«ማንም የለም» አልኳት። እውነቴን ነበር። እሷ ግን ለረጅም ጊዜ ከእኔ በስተጀርባ ያለውን ድምፅ ስታዳምጥ፣ በር ይከፈት እንደሆን፣ ሰው ይስል እንደሆን ስትጠብቅ፣ ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። በማግስቱ ደግሜ ስደውል ቁጥሩ አገልግሎት ላይ አልነበረም።