በነጩና በአረንጓዴው መካከል

«ጀልባው ሲመለስ ሸራው ተቀዶ፣
ማን ቆሞ ይጠብቃል ከባሕሩ ማዶ፤
ነግሬህ ነበረ…»

ከዚህ በኋላ ያለው ጠፍቷቸዋል። እማማ ዴሊያ ይህን ዘፈን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያንጎራጉሩታል፤ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ ግን ቃሉ እንደ ጉም ይበተንና ዜማው ብቻውን ይቀራል። እሳቸውም አይጨነቁም፤ «ም… ም… ም…» እያሉ ይሞሉታል። በዚያ የሚያዝያ ቀን መሰላል ላይ ቆመው፣ የትልቁን ክፍል የመስኮት መቃን አረንጓዴ ሲቀቡ ያንጎራጉሩ የነበረው ይህንኑ ነው። ውጭ ዝናቡ ከባሕሩ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ የረሳው ነገር ያለ ይመስል ደግሞ ይመለሳል። ቤቱ በቀለም ማቅጠኛው በአኳራጅ ሽታ ታፍኗል።

ልጃቸው ኮልም ከከተማ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ካፖርቱን እንኳ አላወለቀም።

«እማዬ፣ ውረጂ።»

«ለምን? ቤቱ እየተቃጠለ ነው?»

«እጅሽ ይንቀጠቀጣል።»

«ይንቀጠቀጥ። ያንተን ቂጥ ስጠርግም ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ያኔ አልተናገርክም።»

ኮልም ሳይወድ ሳቀ። ሳቁን ዋጥ አድርጎ ግን ወደመጣበት ነገር ገባ። «ዘንድሮ የቅዳሴውን ተራ ለጋሽ ባርትሊ እንስጠው። ቤቱ አዲስ ነው፣ ሰፊ ነው። አንቺም ከእኛ ጋር ትኖሪያለሽ፤ ክፍሉ ተዘጋጅቷል፣ ማሞቂያም አለው።»

እማማ ዴሊያ ብሩሹን ቆርቆሮው አፍ ላይ አጋደሙት።

በክሎናሪ መንደር ቅዳሴው በየቤቱ ይዞራል፤ በጸደይ አንዱ ቤት፣ በመኸር ሌላው። ሰው ቤቱን ሳይቀባ ልጁን ይድራል፣ ሳይቀባ ሬሳ ያወጣል፤ ለቤት ቅዳሴ ግን ከጣሪያ እስከ ደጃፍ የማይቀባ የለም። በጸሎቱ ሰዓትም ጎረቤት ከመጽሐፉ በላይ ዓይኑን ቀና አድርጎ የሚሰልለው ሌላ ነገር ሳይሆን ቀለም ከቀለም የሚገናኝበትን ጠርዝ ነው። ጠርዙ ቀጥ ያለ እንደሆነ፣ ቤቱ ባለቤት አለው ይባላል። ተራውን አንዴ የሰጠ ቤት ደግሞ ተራው አይመለስለትም። የኮንሮይ ቤት አንድ ጸደይ «ዘንድሮስ ይለፈን» አለ። ዛሬ የቤቶቹ ስም ሲጠራ ኮንሮይን ዘሎ ነው የሚያልፈው። ጭስ ማውጫው ይጨሳል፣ ውሻው ይጮኻል፣ ሰው አለበት፤ ብቻ ከቤት አይቆጠርም።

«ከዚህ ቤት የምወጣው» አሉ እማማ ዴሊያ በመጨረሻ «በአራት ሰው ትከሻ ነው። እስከዚያ ድረስ ብሩሹን አቀብለኝ።»

«እሺ፣ ቢያንስ ይህን ተጠቀሚ» አለ ኮልም፤ ከኪሱ አንድ ጥቅል የወረቀት ፕላስተር አወጣ። «ጠርዙ ላይ ትለጥፊዋለሽ፣ ትቀቢያለሽ፣ ትልጪዋለሽ። ቀጥ ይላል።»

«ይህ ግድግዳ እኮ ከስሩ ኖራ ነው። ፕላስተርህ ሲላጥ ቆዳውንም ይዞት ይመጣል። መልሰህ ኪስህ ክተተው።»

«እንግዲያውስ እንዋዋል። መስኮቱንና በሩን በእጅሽ ቀቢ። ቀጥ ካለ አፌን እዘጋለሁ። ከተንሻፈፈ ተራውን እንሰጣለን።»

«አልዋዋልም» አሉ እማማ ዴሊያ። «እቀባለሁ።»

ሙሽራ ሆነው ወደዚህ ቤት የገቡ ጊዜ አማታቸው መጀመሪያ የሰጧቸው የቤት ቁልፍ አልነበረም፤ ብሩሽ ነበር። «ጠርዝን አትፍሪው» ብለዋቸዋል። «ከመስመሩ ራቅ ብለሽ ጀምሪ፤ ብሩሹን በቀለም አጥግቢው፤ ከዚያ ቀለሙ ራሱ ወደ መስመሩ እስኪሄድ በቀስታ ግፊው። የሚሄደው እጅሽ አይሁን፣ ገላሽ ይሂድ።» እማማ ዴሊያም ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲሁ ሲቀቡ ኖሩ። አሁን ግን እጃቸው በቆመበት ሁሉ የራሱን ዳንስ ይደንሳል፤ ሻይ ሲይዝ ሲኒው ከማስቀመጫው ጋር ያወራል። የሚገርመው ሲንቀሳቀስ ይረጋል። ይህን ያወቁት በዘፈኑ ነው። አንድ ስንኝ ለአንድ የብሩሽ ስበት፤ «ጀልባው ሲመለስ» ብለው ይጀምራሉ፣ «ሸራው ተቀዶ» ላይ የመስኮቱ ማዕዘን ይደርሳሉ። ትንፋሹ ሳያልቅ እጁ አይናወጥም። ነጩ በወዲያ፣ አረንጓዴው በወዲህ፣ በመካከላቸውም ከመላጣ አናት ላይ እንደቀረች ፀጉር የቀጠነ መስመር።

መስኮቱ አለቀ። በመስተዋቱ ዙሪያ እንኳ ቀለሙ ዳሩን ብቻ ነካ አድርጎ ቆመ፣ ዝናብ እንዳይገባ። ኮልም ቀርቦ አየ፤ ራቅ ብሎም አየ።

በሩ ላይ ግን፣ ከጉበኑ ወደ ታች ሲወርዱ፣ ሦስተኛው ስንኝ መጣ። «ነግሬህ ነበረ…» ቃሉ ጠፋ፤ እማማ ዴሊያ እሱን ፍለጋ ለአፍታ ቆም አሉ። የቆመች እጅ ደግሞ ምን እንደምታደርግ ይታወቃል። ዘለለች። በነጩ ላይ የጣት ጥፍር የምታህል አረንጓዴ ምላስ ወጣች።

«ተንሻፈፈ» አለ ኮልም፤ ሲናገረው ድምፁ ደስታ አልነበረውም።

«ተንሻፈፈ። እንዲሁ ይቀመጣል።»

«ሰው ያየዋል እኮ እማዬ!»

«ያየ ይየው። በጸሎት ሰዓት ዓይኑን ያልጨፈነ ኃጢአቱ የራሱ ነው።»

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል፣ የቅዳሴው ዕለት መሆኑ ነው፣ እማማ ዴሊያ ዳቦውን ሊጋግሩ ተነስተው ወደ ትልቁ ክፍል ቢዘልቁ ኮልም በሩ ሥር ተንበርክኳል። እጁ ላይ ረጅም የወረቀት ፕላስተር ተንጠልጥሏል፤ ከፕላስተሩ ጋር የሰፌድ ያህል ግድግዳ አብሮ መጥቷል።

«ላስተካክልልሽ ብዬ…» አለ። ጎልማሳው ሰውዬ፣ ሁለት ልጆች ያሉት፣ ቀና ብሎ የሚያያቸው ማሰሮ እንደሰበረ ልጅ ነበር።

«የእኔ ጥፋት የጥፍር ያህል» አሉ እማማ ዴሊያ «ያንተ እርማት የሰፌድ ያህል።» ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው ሳለ ግን ዓይናቸው ከቁስሉ ላይ ቀረ። ነጩ ተልጦ የወጣው ባዶ ጭቃ አልነበረም። ሰማያዊ ነበር። ነጭ ልብስ በሚታጠብበት ሰማያዊ ዱቄት የተበጠበጠ ኖራ፤ የአማታቸው ቀለም፣ እሳቸው በሙሽርነታቸው በመጀመሪያው ቅዳሴ ጠርዙን የቀቡበት ቀለም። ያኔም እጃቸው ተንቀጥቅጦ ነበር ለካ፤ ረስተውት ነው። ከመቃኑ አጠገብ የዚያን ጊዜዋ ጠማማ መስመር፣ ደብዝዛ፣ እንደ ጅል ፈገግ ብላ አለች።

«ስዕል እንስቀልበት፣ እንሸፍነው» አለ ኮልም።

«አንተ ልጅ፣ ምንም አትሸፍንም። ብሩሹን አምጣ።»

«ሰዎቹ እየመጡ ነው! አይደርቅም!»

«አምጣ ብዬሃለሁ።»

በሰማያዊው ዳር አረንጓዴውን እንደገና ሳቡት፤ ከጉበን እስከ ግድግዳው ግርጌ ዞኮሎ፣ ሳይቆሙ፣ ቃሉ የጠፋበትን ቦታ በዜማ እየተሻገሩ። የውጭው በር ሲንኳኳ መስመሩ ከወለሉ ጋር ተገናኝቶ ነበር።

መንደሩ ገባ። ቄሱ አባ ፊንታን ጠረጴዛውን ለቅዳሴ አለበሱት፣ ሻማዎቹ ተለኮሱ፣ ቦታ ያጣውም ኮሪደሩ ውስጥ ተንበረከከ። ጋሽ ባርትሊ፣ የሚቀጥለው ተራ ባለቤት፣ አዲሱን ኮታቸውን ለብሰው በሩ አጠገብ ሆኑ።

«አንቺ ዴሊያ» አሉ በሹክሹክታ «ግድግዳሽን አይጥ በልቶት ነው?»

«ልጄ ነው የበላው። ቁርስ አልደረሰለትም።»

«እኛ ቤት እንኳ ቢደረግ…»

«እናንተ ቤት በመኸር ይደረጋል። አሁን ጸልይ ባርትሊ። ደግሞ በሩን አትደገፍ።»

ጋሽ ባርትሊ በሴት ምክር የሚቆሙ ሰው አልነበሩም። ተደገፉ።

ቅዳሴው ሲያልቅ አባ ፊንታን እንደ ልማዱ ተራውን ጠሩ። መኸር፣ ባርትሊ። ጸደይ፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለው። እንዲህ እያሉ ዙሩን ጨርሰው ወደዚህ ቤት ሲመለሱ ኮልምን በዓይናቸው ፈለጉ፤ እማማ ዴሊያ ቤቱን ትተው ወደ ከተማ ሊሄዱ ነው የሚለው ወሬ ደርሷቸዋል። «ይህ ቤትስ፣ ኮልም?» አሉ። «ዙሩ ተመልሶ ሲመጣ እንጥራው ወይስ…?»

ሰው ሁሉ ወደ ኮልም ዞረ። ኮልም ወደ ሰማያዊው ቁስል አየ።

«አባ፣» አሉ እማማ ዴሊያ፣ ከኋላ፣ ሁሉም እስኪሰማ «የቤቱ ባለቤት እዚህ ቆማለች። እኔን ይጠይቁ።»

«ይቅርታ እማማ ዴሊያ። ይህ ቤትስ?»

«ይጠራ! እኔ ካለሁ በእኔ እጅ፣ እኔ ከሌለሁ በኮልም እጅ። እስከዚያ ጠርዝ መቀባት ይማራል፤ ካልተማረም ተንሻፎ ይጠራ።»

«ኮልም?» አሉ አባ።

«ባለቤቷ ተናግራለች» አለ ኮልም፤ ጆሮው ቀልቷል። «እኔ… ፕላስተር አልጠቀምም።»

ሳቁ ገና ሳይበርድ ጋሽ ባርትሊ ሊወጡ ጀርባቸውን ሰጡ። ከትከሻ እስከ ወገብ፣ በአዲሱ ኮት ላይ፣ አንድ አረንጓዴ መስመር ወርዷል። ክሎናሪ እንዲያ ቀጥ ያለ መስመር አይታ አታውቅም።

ከዚያ ቁርሱ ሆነ። እንቁላል፣ የሚጤስ ቋሊማ፣ ትኩስ ዳቦ፣ ለአባ ደግሞ ለሁለት የተከፈለ ትርንጎ ስኳር ተነስንሶበት። በዚያ አገር የቤቷ እመቤት በትልቁ ክፍል ጠረጴዛ አትቀመጥም፤ ታሳልፋለች፣ ትቀዳለች፣ ሁሉ ሲወጣ ማድ ቤት ቆማ የቀረውን ትቀማምሳለች። እማማ ዴሊያ ሲያሳልፉ ቆዩ። ከዚያ በጠረጴዛው አጠገብ ቆመው ሽርጣቸውን ፈቱ፤ ለኮልም ወረወሩለት።

«ሻዩን አንተ ቅዳ» አሉት።

ወንበር ስበው ከአባ ፊንታን ጎን ተቀመጡ። እማማ ዴሊያ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ቢላዋውን አንስተው ዳቦው ላይ ቅቤ ወፍራም አድርገው ቀቡ፤ ጠርዝ አልመረጡም፤ ከዳር እስከ ዳር አዳረሱትና ጎረሱ።