አልቃሾችን የምትቀበለው ልጅ

ሆሳዕና፣ ሚሲዮኑ ግቢ ውስጥ የሕፃናቱን ክፍል ሲሰጡኝ ስምንተኛ ክፍልን ገና መጨረሴ ነበር። ግድግዳዋ ጭቃ፣ ክዳኗ ቆርቆሮ የሆነ አንዲት ክፍል ናት። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው እየጮኸ ድምፄን ስለሚውጠው ማስተማሩን ትቼ ልጆቹን አስጨበጭባቸው ነበር። ከእኔ የሚፈለገው ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት መቀመጥን፣ ተራ መጠበቅንና የሰው ነገር አለመንካትን እንዲለምዱ ማድረግ ነበር። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ “አደብ አስይዢልን” ብለው አለንጋ ጭምር ሰጡኝ። እኔም በሩ አናት ላይ ሰካሁትና እዚያው ቀረ። ተገርፌ ስለተማርኩ፣ የሚገረፍ ልጅ የሚያስበው ስለ አለንጋው ብቻ እንደሆነ አውቅ ነበር።

አንድ ጠዋት አንድ አባት የመጀመሪያ ልጁን ይዞ መጣ። ከዳምቦያ ገበያ እህል በአህያ እያመጣ ከተማችን ውስጥ የሚሸጥ ሰው ነው። “ሥጋዋ የእርስዎ፣ አጥንቷ የኔ፤ ገርፈው ያስተምሩልኝ” አለና እጇን አስጨብጦኝ ሄደ። አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። በዚያው ቀን ከጎኗ የተቀመጠውን ልጅ ክንዱን ነከሰችው። በማግስቱ ሌላ ነከሰች። እናቶች በር ላይ ቆመው “ይቺን ልጅ ወይ ያስወጧት፣ ወይ ይግረፏት” ይሉኝ ጀመር።

ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። ቤቷ የሚነገረው ሀዲይኛ ብቻ ነው። በሀዲይኛ ደግሞ ወንዱም ሴቷም የሚጠሩት በአንድ ቃል ስለሆነ፣ በአማርኛ “እትዬ፣ አንተ ና” ትለኛለች። አማርኛ የሚችሉት የከተማው ጸሐፊዎችና ነጋዴዎች ልጆች ይህን ሲሰሙ ይንከተከታሉ። እሷ መልስ የምትሰጥበት ቋንቋ የላትም፤ ስለዚህ በጥርሷ ትመልሳለች።

አንድ ቀን አዲስ የገባ ሕፃን የበሩን መቃን ሙጭጭ ብሎ ይዞ ያለቅሳል። ባባብለው እምቢ አለ። እሷ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ፊቱ ቁጢጥ አለችና በሀዲይኛ የሆነ ነገር አለችው። ንፍጡን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችለት። ከዚያ እጁን ይዛ አስገባችውና ከጎኗ አስቀመጠችው።

“ይህን ልጅ ያስገባችልን ማን ናት?” ብዬ ክፍሉን ጠየቅሁ። ሁሉም ወደ እሷ ጠቆሙ። አስጨበጨብኩላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የሚያለቅሱትን በር ላይ መቀበል የእሷ ሥራ እንዲሆን አደረግሁ። ከሁሉ ቀድማ መምጣት ጀመረች። ንክሻው ቀረ። አማርኛውንም ከምታባብላቸው ልጆች ለቀመችው። ኃላፊው አንድ ቀን ብቅ ብለው አይተዋት “ምን አድርገሻት ነው?” ሲሉኝ “ሥራ ሰጠኋት” አልኩ። ኩራት ተሰምቶኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ክረምቱ ሲቃረብ ቀረች። ታማ ይሆናል ብዬ ቤታቸው ሄድኩ። ከእንሰቱ ጀርባ ያለች ጎጆ ናት። ልጅቱ ደጅ ቆማለች፤ ጀርባዋ ላይ የታዘለ አራስ ሕፃን አለ። እናትየው እንሰት ስትፍቅ ነበር፤ እጇን አራግፋ ተነሣች። በዕድሜ ከእኔ ብዙ አትበልጥም።

“እህቴ፣ እግዜር ይስጥሽ” አለችኝ ገበያ ላይ በለመደችው አማርኛ። “ልጄን ሰው አደረግሽልኝ። ድሮ ቢሆን ሕፃን ብሰጣት ትጥለው ነበር። አሁን እያት፤ ሲያለቅስ ዝም የምታሰኘው እሷ ናት።”

“ትምህርቷስ?” አልኳት።

“ከዚህ በላይ ምን ትምህርት አለ? አባቷ መንገድ ላይ ነው። እናቴ ሩቅ ናት። እኔ ብቻዬን ነኝ።”

ክፋት አልነበረባትም። ምስጋናዋ ከልቧ ነበር። ልጅቱ ሕፃኑን ቸብ ቸብ እያደረገች ወደ እኔ ቀረብ አለች።

“እትዬ፣ ዛሬ ማን አለቀሰ?”

ነገርኳት።

“ማን አስገባው?”

“እኔ።”

“አንቺ አትችይም” አለችኝ፤ ከልቧ አዝና።

ኃላፊውን ለምኜ ሕፃኑን አዝላ እንድትመጣ አስፈቀድኩ። ጥቂት ጊዜ መጣች። ከኋላ ቆማ እየተወዛወዘች ትሰማ ነበር። ብርዱ ሲጠና ሕፃኑ ሳል ያዘውና እናትየው ሁለቱንም ከቤት አስቀረቻቸው። አባትየውን ገበያ ላይ አግኝቼ ስለምነው፣ “ወንድሟ በእግሩ ሲቆም ትመለሳለች” አለኝ። ቃሉን ማጠፉ አልነበረም። ግን ወንድሟ በእግሩ ሲቆም ሌላ ተወለደ።

ዓመታት አልፈው ያን ወንድሟን እጁን ይዛ ወደ ክፍሌ አመጣችው። ቁመቷ ጨምሯል፤ ደግሞ ሌላ ሕፃን ጀርባዋ ላይ አለ። አንደኛ ክፍል ላስመዝግብሽ አልኳት። “እናቴ ትጠብቀኛለች” አለችና ወንድሟን ገፋ አድርጋ አስገባችልኝ። ልጁ ሲያለቅስ ዞር ብላ አየችው፤ ወደ እሱ ግን አልተመለሰችም። ፈጠን ፈጠን እያለች ቁልቁለቱን ወረደች።

እኔ አግብቼ ወደ ዱራሜ ሄድኩ። እሷም ገና በልጅነቷ ሀቢቾ አካባቢ ተዳረች ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

ሳስበው ይቆጨኛል። ደወል መደወል፣ ጠመኔ ማደል፣ ፊደሉን በእንጨት እየጠቆሙ ማስቆጠር፣ ልሰጣት የምችለው ሌላም ብዙ ሥራ ነበረኝ። እነዚያን ቤት አይፈልጋቸውም፤ ማንም እናት “ደወል የምትደውልልኝ ልጅ አገኘሁ” ብላ ሴት ልጇን ከትምህርት አታስቀርም። እኔ ግን ጎበዝ ያደረግኋት ቤቷ አጥብቆ በሚፈልገው ሥራ ነበር።

ዱራሜ እንደገና ማስተማር ስጀምር አልቃሽ የምታባብል ሴት ልጅ ካየሁ ፊደሉ ፊት ለፊት አስቀምጣት ነበር። ማባበሉን ለወንዶቹ እሰጥ ነበር። አስተማሪዎቹ ይስቁብኝ ነበር፤ አባቶችም አጉረመረሙ። አንዳንዶቹ ወንዶች ግን ጥሩ አድርገው ለመዱት። ለዚያች ልጅ ብቻ ሳልደርስላት ቀረሁ።