የሙሪየል ተራ

ኤቨራርድ ስኪት ፒያኖ አይጫወትም፣ ይደበድባል ይሉት ነበር፤ ሐሰት የለበትም። ጥፋቱ ግን የእሱ ብቻ አይደለም። እኛ የሞንትሪያል የታችኛው ሰፈር ልጆች ሁላችንም ሐዲድ ጥግ ነው ያደግነው፤ የእነ ስኪት ቤት ደግሞ የባሰበት ነበር፣ ባቡር ባለፈ ቁጥር ሳህኑ መደርደሪያው ላይ ይጨፍራል። አባቱ ከባርቤዶስ መጥቶ ባቡር ውስጥ የመንገደኛ አልጋ ሲያነጥፍ የኖረ ሰው ነው። እናቱ ቤተ ክርስቲያን ሊጥለው የነበረውን አሮጌ ፒያኖ ለምና አስገባችለት። ልጁ ልምምድ ሲጀምር ባቡሩ ይመጣል። ሌላ ልጅ ቢሆን ቆም ብሎ ያሳልፈው ነበር፤ ኤቨራርድ ግን እልኸኛ ነው፣ የራሱን ጨዋታ እስኪሰማ ድረስ ጉልበት ይጨምርበታል። እንዲህ ከባቡር ጋር ሲታገል አደገ፤ ባቡር በሌለበት ቦታም ትግሉን አልተወም።

ጎልምሶ የራሱን የጃዝ ባንድ ሲያቋቁም በሴንት አንትዋን ጎዳና የማያውቀው ጭፈራ ቤት አልነበረም። የፒያኖ ሽቦ የሚበጥስ ግራ እጅ ነበረው። ፒያኖ የሚያድሰው ሽማግሌ "ልጆቼን ያሳደገልኝ ስኪት ነው፣ ዕድሜ ይስጠው" እያለ ይመርቀዋል። የባንዱ ገቢ ለቤት በማይበቃበት ክረምት ባቡር ጣቢያ ሄዶ ሻንጣ ይሸከማል፤ እሑድ ጠዋት ደግሞ ያንኑ እጁን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ፒያኖ ሊመታ ይመጣል። ሙሪየልን ያገኛትም እዚያው ነው። ከኖቫ ስኮሺያ ገና መምጣቷ ነበር፤ የባርኔጣዋ ላባ ከእሷ ቀድሞ በር የሚገባ ልጅ ነበረች። መዝሙሩ እንዳለቀ ቀጥ ብላ ወደ እሱ ሄደች።

"ወንድም፣ ይሄ ፒያኖ ምን አድርጎህ ነው?"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"እንዲህ የምትመታው! የበደለህ ነገር ካለ ንገረኝና ላስታርቃችሁ።"

ሰው በዚህ ይያዛል? እሱ ተያዘ። ተጋቡ፤ የባንዱም ዘፋኝ ሆነች። የኤቨራርድ እጅ ሊያፍነው ያልቻለ ድምፅ ቢኖር የእሷ ብቻ ነበር፤ ወፍራም፣ ሞቅ ያለ፣ ከሆድ የሚነሳ።

ባንዱ አንድ ሕግ ነበረው። በዘፈኑ መሃል እያንዳንዱ ሰው ብቻውን የሚጫወትበት ተራ አለው። ከመካከላቸው አንዱ ሲሞት ተራውን ማንም አይነካበትም፤ ቤዙና ከበሮው ብቻ ዝግ ብለው ይሄዱለታል፣ ኤቨራርድና ሌላው እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ዓመቱ ሲሞላ ተራው ለሌላ ይሰጣል። ትሮምቦን ነፊው ክላረንስ ሲሞት እንዲህ ተደረገ። ሚስቱ ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ በዚያ ባዶ ቦታ የእሱን ጨዋታ የምትሰማ ይመስል ራሷን ስትነቀንቅ አይተን ያላለቀስን የለንም።

ጭፈራ ቤቶቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ትልቁ መንገድ ሲሠራ ግማሹ ሰፈር ፈረሰ። ባንዱም እሑድ ከሰዓት በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት አዳራሽ መጫወት ያዘ። ሙሪየል ጉሮሮዋን የታመመችው በዚያን ጊዜ ነው። ቀዶ ሕክምናው ነፍሷን አተረፈ፤ ድምፅዋን ግን ክር አሳከለው። ኤቨራርድ ምን ያድርግ? የሚያውቀውን አደረገ። ተራዋ ሲደርስ እጁን አጣጠፈ።

ዓመቱ ሞላ፤ ተራውን ለማንም አልሰጠም። ሌላም ዓመት አለፈ፣ ሌላም። እንግዲህ እሱ ማክበሩ ነው! ሙሪየል ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ተራዋ ሲደርስ አዳራሹ ሁሉ ዞር ብሎ ያያትና ከንፈሩን ይመጥላታል።

አንድ እሑድ ሙሪየል ቀረች። በሚቀጥለውም ቀረች።

"እህት ሙሪየል ምነው ጠፋች?" አለው ከበሮ መቺው ሩፈስ ታይንስ። ሩፈስ ከጎረምሳነት ጀምሮ አብሮት ያረጀ፣ ሆዱ ከከበሮው የሚበልጥ ሰው ነው።

"ጉልበቴን አሞኛል ትላለች።"

"ትናንት እኮ በረዶ ላይ እየሮጠች አውቶቡስ ስትይዝ አይቻታለሁ።"

የባንዱ አርባኛ ዓመት በዓል ደርሷል፤ አዳራሹ ተይዟል፣ ኬኩ ታዟል። "እሷ ካልመጣች ፒያኖውን አልከፍተውም" አለ ኤቨራርድ። ቀልዱን አልነበረም። ያቺ ወንበር ባዶ በሆነችባቸው እሑዶች እጁ ለማን እንደሚጫወት ጠፍቶበት ነበር።

ቤት ገብቶ ኩሽና ጠረጴዛው ላይ አተር ስትለቅም አገኛት።

"ሙሪየል፣ ምን በደልኩሽ? እውነቱን ንገሪኝ።"

ጆሮውን ጠጋ እስኪያደርግ ጠበቀችው። "ያቺ አዲስ የመጣችው እህት አይቪ አጠገቤ ተቀምጣ የዓሣ ጥብስ እየበላን ነበር። አንተ እጅህን ስታጣጥፍ አየችና ምን አለችኝ መሰለህ? 'አይ ወንድም ስኪት፣ ያሳዝናሉ! ለመሆኑ ሟች ሚስታቸው በምንድን ነው የሞቱት?'"

"አንቺስ ምን አልሻት?"

"ባሏ ነው የገደላት አልኳት።"

ኤቨራርድ ሊስቅ ዳዳው፤ ፊቷን አየና ዋጠው።

"በየእሑዱ ትቀብረኛለህ። እኔም ለብሼ መጥቼ የራሴን ለቅሶ እደርሳለሁ። ክላረንስን እንኳ በዓመቱ ለቀቅከው።"

"ታዲያ ተራሽን ለማን ልስጠው? እንዴት አስችሎኝ?"

"ማን ስጥ አለህ? የእኔ አይደለም እንዴ? ድምፄ አነሰ እንጂ አልሞተም። እዚሁ ቤት በየቀኑ እዘፍናለሁ።"

"ትዘፍኛለሽ?"

"አንተ በጮህክበት ማን ይሰማል!" ብላ አተሯን ይዛ ተነሳች።

በማግስቱ የሚወጣ መስሎ ኮቱን ለበሰ፤ በሩን ከፍቶ ዘጋውና ኮሪደሩ ላይ እንደ ሌባ ቆመ። መጀመሪያ የሰማው ፍሪጁን ነው። ፍሪጁ ዝም ሲል ሰማት። ያው የድሮው ዘፈኗ ነው፤ ቀጥኗል፣ ሻክሯል፣ ግን ዜማው አንድ ቦታ እንኳ አልተዛነፈም። ይሄን ሁሉ ዓመት! በአንድ ግድግዳ ማዶ! ኤቨራርድ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ አለቀሰ።

ከዚያ ወዲያ አዳራሽ እየሄደ ብቻውን ቀስ ብሎ መምታት መማር ጀመረ። ለሌላው ቀላል ነው፣ ለእሱ ሞት ነበር። ለስለስ አድርጎ ሲነካው ፒያኖው ዝም ይላል፤ ጥቂት ሲጨምርበት ያው ድብደባ ይሆናል። በዚህ ዕድሜ ጣቱን እንደ አዲስ ተማሪ ሲቆጣ ሩፈስ መጥቶ በር ላይ ቆመ።

"ምነው፣ ሕፃን ተኝቷል እንዴ?"

"ዝም በል። ያንተም ተራ ይመጣል፣ ትማራለህ።"

ለሙሪየል ምንም አልነገራትም። "እሑድ ነይ" ብቻ አላት። እሷም "እንጃ" አለችው።

የበዓሉ ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ፊት ያለችው ወንበር ባዶ ነች። ኤቨራርድ ፒያኖው ፊት ተቀምጧል፤ ክዳኑን አልከፈተም። ሰው ይንሾካሾካል። ሩፈስ ጎንበስ ብሎ "ስኪት፣ በእግዜር፣ አታዋርደን" አለው። ኤቨራርድ በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። ያን ጊዜ የኋላው በር ተከፈተ። ሙሪየል ኮቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ ገባችና እዚያው በር ሥር ተቀመጠች፤ ለመውጣት የተዘጋጀች ትመስላለች።

ክዳኑ ተከፈተ። ዘፈኑ ተጀመረ፤ ሁሉም ተራ በተራ ተጫወተ፤ የሙሪየል ተራ ደረሰ። ቤዙና ከበሮው እንደ ወትሮው ዝግ ብለው ሊሄዱ ሲሉ ኤቨራርድ እጁን አነሳ። ቆሙ። እሱ ብቻውን መጫወት ጀመረ፤ ግን ያን የመሰለ ለስላሳ ጨዋታ ከዚያ እጅ ይወጣል ብሎ ማን ያስባል? ሰው ኬኩን አፉ ውስጥ እንደያዘ ማኘክ አቆመ። አንድ ዙር ጨረሰ፤ ከበሩ ምንም አልተሰማም። እንደገና ጀመረ።

በመሃል ባቡሩ መጣ። ግድግዳው ተንቀጠቀጠ፣ ሳህኑ ተንጫጫ። ሁላችንም ያን ግራ እጅ ጠበቅን። ኤቨራርድ ሁለቱንም እጁን አንስቶ ጭኑ ላይ አኖረና ባቡሩን አሳለፈው። በሕይወቱ ባቡር ሲያሳልፍ የመጀመሪያው ነው። ሲርቅ፣ ካቆመበት ቀጠለ።

አንዲት ሴት ተነስታ በወንበሮቹ መሃል ስታልፍ እህት አይቪ "እኚህ ዓሣ አብረውኝ የበሉት ለወንድም ስኪት ምናቸው ናቸው?" ብላ ጎረቤቷን ጠየቀች።

"ሟቿ ናት፤ ዝም በይ" አሏት።

ሙሪየል ከነኮቷ ፒያኖው ወንበር ላይ አጠገቡ ተቀመጠች። እሱ ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

"ታረቃችሁ ማለት ነው?" አለችው።

ራሱን ነቅንቆ አዎ አላት። እሷም የኮቷን የላይኛ ቁልፍ ፈታችና ዘፈነች፤ በር ሥር የቆሙት ሳይቀሩ ሰሟት።