የሸክላው ጉምጉምታ

ልጅ ሳለሁ ተረት የምንሰማው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነበር። መብራት ካለ አባቴ ሸክላ ያጫውታል፤ ቦሌ ሚካኤል በነበረው ቤታችን ጥግ ላይ የተቀመጠው የሸክላ ማጫወቻ፣ ከሥራ ሲመለስ ከእኛም በፊት እጁ የሚነካው ነገር ነበር። መብራት ሲሄድ የዘፋኙ ድምፅ እየወፈረ፣ እየተጎተተ ይሞታል። ያኔ አባቴ «ሰውዬው ደከመው፤ ከዚህ በኋላ ያለውን እኔ ልንገራችሁ» ይልና ዘፈኑ ከተቋረጠበት ቃል ተነስቶ ተረት ይጀምራል። ዘፈኑ ወንዝ ላይ ቆሞ ከሆነ ተረቱ ወንዝ ውስጥ ይገባል፤ ዓይን ላይ ቆሞ ከሆነ ዓይኗ የጠፋባት ቀበሮ ትመጣለች። እናቴ ራት የሠራችበትን ከሰል ከነምድጃው ወደ መሀላችን ትገፋዋለች፤ ፍሙ የአባቴን ፊት ከታች ያበራዋል፣ የፋኖሱ ጭስ ጉሮሯችንን ይከረክረዋል፣ ማንም ግን አይነሳም። የሚያበሳጨን የመብራቱ መምጣት ነበር። ዘፋኙ እየጎረነነ ከሞተበት ይነሳል፣ አባቴም ተረቱን እንዳንጠለጠለው ትቶ ወደ ሸክላው ይዞራል። ስንቱ ጅብ ጉድጓድ ውስጥ እንደቀረ እንጃ።

ያ ቤት ፈርሶ፣ እናቴም ካረፈች በኋላ፣ አባቴ እኔ ጋ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ገባ። ከገባ ወዲህ ዝም አለ። የተቆጣም የታመመም አይመስልም፤ ልጆቼ ሲያወሩት ፈገግ ብሎ ወደ መስኮቱ ይዞራል። ሐዘን ነው አልን። እኔ ደግሞ ዘዴ ያገኘሁ መስሎኝ አልጋ ሥር በጨርቅ ተጠቅልሎ የከረመውን ማጫወቻ ከነድምፅ ማጉያውና ከነስፒከሮቹ አውጥቼ ሳሎን ውስጥ ተከልኩት። ሸክላውን ከሰማ ያወራል፤ ካወራ ልጆቼም እኔ የሰማሁትን ይሰማሉ፤ ሐሳቤ ይኸው ነበር።

መጀመሪያ የወጣው እምምም የሚል ጉምጉምታ ነው፤ ዘፋኙ ከሥሩ ተቀብሮ ያቃስታል። «ይጮኻል» አለ አባቴ። ከሥራ በአውቶቡስ ቆሜ እየመጣሁ፣ እግሬ አብጦ፣ ከሽቦ ጋር ትግል ያዝኩ። ከማጫወቻው ኋላ ተንጠልጥላ የቀረች ቀጭን ሽቦ ነበረች፤ ከድምፅ ማጉያው ብሎን ጋር ሳስራት ጉምጉምታው በረድ አለ።

«አሁንስ፣ አባዬ?»

«ያው ነው።»

ከፍሪጁ ጋር ከሚጋራው ሶኬት ነቅዬ ሌላ ቦታ ሰካሁት፤ ስፒከሮቹንም አራቅኳቸው። ለእኔ ጆሮ ጉምጉምታው ጭራሽ ጠፋ። «ያው ነው፤ ድምፁም ታፍኗል» አለ። አንድ ቅዳሜ ማጫወቻውን ጭኔ ላይ አድርጌ በታክሲ ድሮ ሰፈራችን ውስጥ ወዳለ ራዲዮ ጠጋኝ ወሰድኩት። ሰውዬው መርፌውን ቀየረና «እህቴ፣ ከዚህ በላይ ከፈለግሽ ዘፋኙን ቤትሽ መጥራት ነው» ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነበር። ስመለስ ሳጫውተው ድምፁ ከመጥራቱ የተነሳ እንባዬ መጣ። ዞር ብዬ አባቴን አየሁት። ፊቱን አኮማትሯል።

በቃ፣ ደከመኝ። ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩና እጄ ላይ እየጠቀለልኩ መልሼ አልጋ ሥር ልከተው ስነሳ፣ አባቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ፣ «እባክሽ ዝጊው፣ ልጄ፤ ጆሮዬን በላው» አለኝ።

ገመዱ እጄ ላይ ነበር።

«ዘጋሁት፣ አባዬ» አልኩት። አልሰማኝም። ዝምታው ሐዘን ብቻ እንዳልነበረ፣ የእኛም ወሬ ጆሮው ውስጥ ባለው ጉምጉምታ ሥር እየተቀበረ እንደከረመ ያን ጊዜ ገባኝ። አጠገቡ ቁጭ ከማለት በቀር አቅም አልነበረኝም። ሐኪሞቹም በኋላ «ዕድሜ ነው» አሉን።

አሁን ጆሮው ሥር ተጠግቼ አወራዋለሁ። «ምን አልሽ?» ይለኛል። እደግመዋለሁ። «እ?» ይላል። ደግሜ ስናገር ድካሙ ያሸንፈኝና ድምፄ ይሻክራል፤ ራሴን ስሰማው አፍራለሁ። ከእነዚያ ምሽቶች አሁን የሚመጣብኝ ተረቶቹ አይደሉም። እንቅልፍ አሸልቦን ቆይቶ ብንን ስንል «አባዬ፣ አልሰማንም፤ እንደገና ከመጀመሪያው» እንለው ነበር። እሱም ቀኑን ሙሉ ሲለፋ ውሎ፣ የሥራ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር፣ ከመጀመሪያው ይጀምርልን ነበር።