ማውሱን የሚነካለት ሰው

በቤተ ሙከራው የሚጠሩት «መቶኛ» እያሉ ነው። አንድ ጠዋት «እንዴት ነህ?» ቢሉት «ሠላሳ ስምንት መቶኛ ላይ ነኝ» ብሎ መለሰ፤ ስለ ኮምፒውተሩ ስሌት የተጠየቀ መስሎት ነው። ስሙ በዚያው ጸና። ከዚያ ወዲህ ስለ ጤናው የጠየቀው የለም። «ስንት ደረሰ?» ይሉታል፣ ይነግራቸዋል፣ ያልፋሉ።

የመመረቂያ ሥራው ጎርፍ ነው። ወንዝ ሞልቶ የድልድይ ምሰሶ ሲመታ ምን እንደሚሆን ኮምፒውተሩ ያሰላል። እውነተኛ ጎርፍ በአፍታ የሚጨርሰውን ይህ ማሽን ከጠዋት እስከ ማታ ይጎተትበታል፤ ኤሊ ብታየው ትታዘበዋለች። ይህም ባልከፋ። የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ግን መብራት ለመቆጠብ ብለው፣ ግማሽ ሰዓት ሰው ያልነካው ማሽን ሁሉ በራሱ ጠፍቶ እንዲተኛ አድርገው፣ ማንም እንዳይቀይረው ቆልፈውታል። ከተኛ ደግሞ ስሌቱ ይበላሻል፤ በማግስቱ እንደገና ከሀ መጀመር ነው።

ስለዚህ መቶኛ ማውስ ጠባቂ ሆነ። ምሳውን ሳያላምጥ ይውጥና እየሮጠ ይመለሳል። አንዳንዴ ሰልፉ ረዝሞበት ሲዘገይ ነፍሱ ልትወጣ ስትል ይደርሳል፤ ማሽኑ ግን ነቅቶ ይጠብቀዋል። «ዕድሌ ነው» ይላል። በሌላ ነገር ዕድለኛ ስላልሆነ፣ በዚህስ ልሁን ብሎ አልመረመረውም።

ከጎኑ ስለ ነፋስ የምታሰላ ተማሪ አለች። በልቡ «ባለ ነፋሷ» ይላታል። ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠው ከአንገት ሰላምታ አላለፉም።

ሰኞ መብራት ጠፋ። ማክሰኞ ራሱ ቁጥር ተሳሳተ። ረቡዕ አማካሪው «ነገ ጠዋት ውጤቱን ካላየሁ መመረቅህ ለዓመት ነው» አሉት። በዚያው ረቡዕ፣ ስሌቱ ግማሽ ላይ እንዳለ፣ ስልኩ ጮኸ። ታላቅ እህቱ ናት፤ እናታቸው ከሞቱ በኋላ ያሳደገችው እሷ ናት። ባሏ ሥራ ወዳገኘበት ሩቅ አገር ጓዟን ጠቅልላ እየሄደች ነው።

«መናኸሪያ ደርሻለሁ» አለችው። «አውቶቡሱ እዚህ ከተማህ ለአንድ ሰዓት ያህል ይቆማል። ብቅ ትላለህ አይደል?»

መናኸሪያው ደርሶ መልስ ከግማሽ ሰዓት ያልፋል።

«እትዬ፣ ማሽኑ...»

«ምን ሆነ?»

«ካልነካሁት ይተኛል።»

«የሚነካልህ ሰው የለም?»

ዞር ብሎ አየ። ባለ ነፋሷ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አቀርቅራለች። አፉን ከፈተ። እንዴት ነሽ ብሏት የማያውቅ ሰው በምን ፊቱ ውለታ ዋይልኝ ይላታል? አፉን መልሶ ዘጋው።

«የለም» አለ።

«በል እሺ፣ የኔ ጌታ። ሥራህን ሥራ። ከስተሃል ብለውኛል፣ ደህና አድርገህ ብላ።»

ለምሳም አልወጣም። ማውሱን እየነቀነቀ አውቶቡሱ የሚነሳበት ሰዓት ሲደርስ አየ፣ ሲያልፍም አየ። እንዲህ ብቻውን የሆነ መስሎት አያውቅም።

ወደ ማታ ስሌቱ አለቀ። ድልድዩ አልፈረሰም።

«አለቀ» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

ባለ ነፋሷ ማዳመጫዋን አወለቀች። «ተመስገን። እኔም አብሬህ ደክሜያለሁ እኮ።»

«እንዴት?»

«ምሳ ስትወጣ ማን የሚነካልህ መሰለህ? የራሴን ስነካ ያንተንም ነካ አደርገዋለሁ። አምና ነው የጀመርኩት።» ፊቱን ስታይ ፈገግታዋ ቀነሰ። «ዛሬ ግን ንቅንቅ አላልክም። ደህና አይደለህም እንዴ?»

መቶ ላይ ነኝ ሊል ነበር።

«እህቴ መናኸሪያ መጥታ ነበር» አለ፤ የቀረውን እንባው አላስጨረሰውም።