የግሪክ ዕዳና የእኛ ፖስታ

ፖለቲካ አልወድም። ዜና ሲጀምር ቻናል የምቀይር ሰው ነኝ። ያን ሳምንት ግን ስለ ግሪክ ሕዝበ ውሳኔ ከዜና አንባቢው በላይ አውቅ ነበር፤ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ በምሠራበት ሆቴል አብራኝ አንሶላ የምታጥፈው ሴት ግሪካዊት ናት።

አገሯ ዕዳ ውስጥ ተዘፍቃለች። አበዳሪዎቹ አውሮፓውያን "ወጪ ቀንሱ፣ ጡረታ ቁረጡ፣ ያኔ እንረዳችኋለን" ብለዋል። ሕዝቡ እሁድ እሺ ወይም እንቢ ብሎ ድምፅ ሊሰጥ ነው። ውጭ አገር ሆኖ መምረጥ ግን አይቻልም፤ መምረጥ የፈለገ አገሩ መግባት አለበት። እሷ ደግሞ የትኬት ገንዘብ የላትም። "በእናቴ ጡረታ ሌላው ሲወስን እኔ እዚህ የሰው አንሶላ አጥፋለሁ" ብላ አለቀሰች። አንጀቴን በላችው።

ረቡዕ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ርዕስ ስንጠየቅ ተነሥቼ "የሥራ ባልደረባዬን አገር ዕዳ ይዟታል፤ ጸልዩላት" አልኩ። ተጸለየ። ስወጣ አንዲት ትልቅ እናት በር ላይ ጠብቀው ወፈር ያለ ፖስታ አስያዙኝ። እኛ ዘንድ ዕዳ ከተባለ መዋጮ አይቀርም፤ የማን ዕዳ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

"እማማ፣ ዕዳው እኮ የመንግሥት ነው" አልኳቸው፣ እፍረት ይዞኝ።

"ይሁና! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" አሉኝ።

መኪና ውስጥ ልጄ በሳቅ ፈረሰች። "ማሚ፣ ሲሪየስሊ? የግሪክን ዕዳ በአንድ ኤንቨሎፕ ፔይ ልታደርጉ ነው?"

ተናደድኩባት፤ ግን እውነቷን ነው። ቤት ገብተን ስንከፍተው መሳቋን ተወችና ስልኳ ላይ የትኬት ዋጋ ፈለገች። "ማሚ፣ ለራውንድ ትሪፕ ይበቃል" አለችኝ።

በማግስቱ ባልደረባዬ ፖስታውን ገፋችው። "ለማኝ አይደለሁም" አለች።

"ሰው ጸልዮ የሰጠሽን ወዴት ልመልሰው?" ብዬ ጮኽኩባት። እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ምን እንደምትመርጥ ግን እኔም አልጠየቅኋት፣ ካዋጡትም አንድ ሰው አልጠየቀም። አርብ በረረች።

እሁድ ከአምልኮ ስንወጣ ደወለች። "መረጥኩ! እናቴ እንቢ አለች፣ እኔ እሺ አልኩ።"

ንድድ አልኩ። "የአንዳችሁ ድምፅ የሌላኛችሁን አጠፋው ማለት ነዋ! ይህ ሁሉ ሰው ያዋጣው ለዚህ ነው?"

ሳቀች። "አባቴ ከሞተ ጀምሮ ብቻዋን ነበር ሄዳ የምትመርጠው። ዛሬ ክንዴን ይዛ እየተጨቃጨቀችኝ ሄደች፤ እየተጨቃጨቀችኝ ተመለሰች። እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።"

ከጀርባዋ የእናቲቱ ድምፅ ይሰማኛል፤ ጭቅጭቋን ገና አልጨረሰችም ነበር። ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ፤ ፓርኪንጉ መሀል ቆሜ ደስ ብሎኝ ሳዳምጣቸው ቆየሁ።