ጋጋኖዎቹ ኪዳን ሲያደርሱ

ትእዛዙ ሲደርሰን ምሳ ገና አልቀመስንም። ከመሐል ሜዳ ከተማ ተነሥተን የግሼን ገደል ቁልቁል በሚያይ ኮረብታ ላይ እንድንመሽግ፣ ከሥር የሚመጣ ኃይልም እንዳያልፍ እንድንጠብቅ የሚል ነበር። አብዛኞቻችን የዚያው አገር ልጆች፣ ከእርሻ ላይ የተነሣን ነን። ጀግኖች አልነበርንም። ብርዱ ግን የለመድነው ስለሆነ አላስቸገረንም።

ከመካከላችን ተክሌ የሚባል የመርሐቤቴ ልጅ ነበር። ዲያቆን ነው፤ ጠመንጃ ከመያዙ በፊት በደብሩ ይቀድስ ነበር። ይህ ሰው ወፍ አይቶ ዝም ማለት አያውቅም። ቁራ ቆሏችንን ሊሰርቅ ሲጠጋ፣ ኤልያስን ያበላው የዚህ ዘር ነውና አትምቱት ይለናል። ዋኖስ ባሏ ከሞተ ሌላ አታገባም፤ ከእሷ ምንኩስናን ተማሩ ብሎ ገና ሚስት ያላገባነውን ይሰብከናል። እንስቅበት ነበር። ግን ምሽግ ውስጥ የሚውል ሰው እግዚአብሔር እንዳልረሳው የሚነግረው ሲያገኝ ደስ ይለዋል፤ እናም እየሳቅን እንሰማዋለን።

ከኮረብታው ሥር ባለው ገደል ላይ ጋጋኖ የሚባለው ባለ ረጅም ምንቃር ወፍ ያድራል። ጎሕ ሲቀድ መንጋው እየጮኸ ይነሣና ወደ ሜዳው ይሰማራል። ተክሌ ይህን ጩኸት እንደሰማ «ኪዳን እያደረሱ ነው» አለን። ኪዳን ካህናት በነግህ የሚያደርሱት ጸሎት ነው። ወፍ ሲጸልይ የተጠመቀ ሰው ተቀምጦ አይሰማም ብሎ ተነሣ፤ ቆቡን አውልቆ አቡነ ዘበሰማያት ደገመ። በማግስቱ ጥቂቶቻችን አብረነው ቆምን። ውሎ አድሮ የሁላችንም ልማድ ሆነ። መቶ አለቃችን እንኳ ጋጋኖ ሲጮኽ ቆቡን አውልቆ ይቆም ነበር።

ጥቃቱ የመጣ ዕለት ጋጋኖዎቹ ከወትሮው ቀድመው ጮኹ። ሰማዩ ገና አልነጣም።

«ዛሬስ ማልደዋል» አለ ተክሌ። «የእኛ ስንፍና አሳፍሯቸው ነው።»

ተነሣን። ጠመንጃችንን ከምሽጉ ግድግዳ አስደገፍን። ቆባችንን አወለቅን። የጠላት መትረየስ ከገደሉ አፋፍ ተከፈተ። የቆመ ሰው ከደረቱ በላይ ለተኳሹ ይታያል። ተክሌ «ትምጻእ መንግሥትከ» እንዳለ ወደቀ። የተረፍነው እየተኮስን አፈገፈግን፤ ከሰዓት በኋላ ኮረብታውን መልሰን ያዝን። ሬሳ ሰበሰብን። ሰባት ነበሩ። አብዛኞቹ ቆባቸውን በእጃቸው እንደያዙ ነው የቀሩት።

ሁላችንም የገበሬ ልጆች ነን። ጋጋኖ ያለ ሰዓቱ ከማደሪያው የሚነሣው አንድ ነገር ሲመጣበት መሆኑን ነፍስ ካወቅን ጀምሮ እናውቃለን። ስብከት ሆኖ ሲነገረን ግን የምናውቀውን ተውነው። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች መጥተው ስለ ሰማይ ወፎችና ስለ እምነት ንገረን ሲሉኝ ፊቴ ይጠቁራል። ወፍ ሳይዘራና ሳያጭድ እንደሚበላ የሚያስተምራቸው ሌላ ሰው አያጡም።

ባለፈው ኅዳር የተክሌን እናት እማማ ዘነበችን ልጠይቅ በአውቶቡስ ዓለም ከተማ ደረስኩና በእግሬ ወደ ቆላው ወረድኩ። ማሽላው አፍርቷል። ጎረቤቱ ሁሉ ማማ ላይ ወጥቶ እየጮኸ ወፍ ይጠብቃል። የእሳቸው ማማ ባዶ ነው። ወንጭፉ ከምሰሶው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ወፉ ማሳውን ወርሶታል። ከጓዶቻችን አንዱ ልጃቸው ከወፎች ጋር ሲጸልይ እንደ ሞተ ነግሯቸው ኖሮ፣ ከዚያ ወዲህ ወፍ አባረው አያውቁም። አምና የሰበሰቡት ለዘር እንኳ አልበቃም። ዘንድሮም እንዲህ ከሆነ ክረምቱን በምን እንደሚሻገሩት እንጃ ብለው ጎረቤቶቻቸው ነገሩኝ።

ወንጭፉን አወረድኩ።

«ተዋቸው ልጄ» አሉኝ እማማ ዘነበች። «አብረውት ጸልየዋል።»

ዝም ማለት አቃተኝ። «እማማ፣ አልጸለዩም። ጋጋኖዎቹ የጮኹት ሰው በገደሉ ሲወጣባቸው ደንግጠው ነው። ጸሎት ያልነው እኛ ነን።»

እንዲቆጡ ፈልጌ ነበር። በወፎቹ ይቆጡ፣ በእኛም ይቆጡ፤ ብቻ ማሽላቸው ይትረፍ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከማሳው አልነቀሉም።

«እንግዲያማ ነግረውታል» አሉ። «ያልሰማቸው እሱ ነው።»

ወንጭፉን ከእጄ ተቀብለው ምሰሶው ላይ መልሰው ሰቀሉት። ወፎቹ ከማሽላው አልተነሡም።